ከመኪናው የወለቀው ሸራ

እኔ በዓይኔ ያላየሁትን የማላምን ሴት ነኝ፣ ጎረቤቶቼ ስለ ዛር፣ ስለ ጥላ ወጊ፣ ብቻ ስለማይጨበጥ ነገር ሲያወሩ ሽንኩርቴን እየለቀምኩ እስቅባቸው ነበር፣ ስለዚህ እናንተም ብትስቁብኝ አልቀየማችሁም። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፣ አሳምሬ አልጽፍም፣ የሆነውን ግን እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

ልጄ አቤል ከአዳማ አሰላ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳል፣ መኪናው የሰው ነው። ከፋሲካ በፊት ፍሬኑ ሲጮህ ሰንብቶ የፊት ጎማዎቹን የሚይዘው የፍሬን ሸራ አልቋል ተባለ፣ ባለንብረቱ ደግሞ "አንተ ነህ የጨረስከው፣ አንተው ቀይር" አለው። ምን ላድርግ፣ ዕቁብ ወጥቶልኝ ስለነበር ብሩን ይዤ ከአቤል ጋር ጋራዥ ሄድን። መካኒኩ ከማል ሸራው አምስት ሺህ፣ የእጅ ስምንት መቶ አለኝ፣ ቀንስ ብዬ ብከራከረው "ማዘር፣ የልጅ ነፍስ በቅናሽ ይገዛል እንዴ?" ሲለኝ ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁት።

ገጥሞ ሲጨርስ የወለቁትን አራት አሮጌ ሸራዎች ወደ ቁርጥራጭ ብረቱ ሊወረውር ሲል እጁን ያዝኩት። መቼም ታውቁታላችሁ፣ የወለቀውን ዕቃ ካልተረከባችሁ ቀየርኩ ብሎ አሮጌውን መልሶ የሚገጥም አይጠፋም።

"ስጠኝ፣ የከፈልኩበትን ይዤ ነው የምገባው" አልኩት።

"ወስደው ወጥ ሊሠሩበት ነው?" ብሎ ስቆ በፌስታል ቋጥሮ ሰጠኝ።

አልጋ ሥር ወርውሬ ረሳሁት። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሲጥ የሚል ነገር ሰማሁ፣ አይጥ መስሎኝ መጥረጊያ ይዤ ጎንበስ ስል፣ እመኑኝ፣ ፌስታሉ ቀልጦ ወለሉ ላይ ተጣብቋል፣ ብረቱን ብነካው ጣቴን ለበለበኝ። ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ ቁጭ እንዳልኩ ስልኬ ጠራ፣ አቤል ነው፣ "እማዬ፣ ጉድ ሆኜልሽ ነበር፣ አሁን ደራ ጋ ላም ገብታብኝ በስንት መከራ አቆምኩ" ይለኛል።

ግጥምጥም ነው ብዬ ብረት ሳፋ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ ወዲህ ግን በየቀኑ ነው፣ ሰው ሊያወርድ ሲቆም አጭር ሲጥታ፣ ከአሰላ ሲመለስ ከኢተያ ወደ ደራ ቁልቁል ሲወርድ ረጅም፣ ደውዬ እየጠየቅኩ አመሳክሬዋለሁ፣ እሱ ሲተኛ ብረቱም ይበርዳል። ሸራው ደግሞ እያለቀ ነው። መጀመሪያ ብለካው ውፍረቱ ሁለት የብር ሳንቲም ሲደራረብ ያህል ነበር፣ አሁን አንዱን አያክልም።

ጨንቆኝ ከማልን እንዲያይልኝ ለመንኩት፣ ጎማውን ፈትቶ አየና "ማዘር፣ ደስ ይበልዎት፣ ሦስት ወር ተነድቶበት ንክች አላለም፣ ዛሬ የገጠምኩት ነው የሚመስለው" አለኝ፣ ኩራቱ! አዲሱ ካልተበላ መኪናውን የሚያቆመው የቱ ነው? አሮጌውን መልስበት ስለው ከማል አቤልን አየና "እናትህን ጥላ ሥር አስቀምጣት፣ ፀሐዩ ነው" አለው።

አሮጌ ሸራ ልጠው አዲስ የሚለጥፉ ሽማግሌ አሉ ሲሉኝ ሳፋዬን ተሸክሜ ሄድኩ።

"የየትኛው መኪና ነው?" አሉኝ፣ ሳፋውን ፊታቸው አስቀመጥኩ። ሊያነሱት እጃቸውን ሰደው ወዲያው ሰበሰቡት።

"ከየትኛው እሳት አውጥተሽ ነው ያመጣሽው ልጄ? የጋለ ብረት ላይ ማስቲሽ አይዝም፣ ይብረድና አምጪው።"

"መቼ ነው የሚዘጉት?"

"አስራ አንድ ተኩል።"

አቤል ደግሞ ከንጋት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት መሪ አይለቅም። ውሃ ብቸልስበት ተንጨርጭሮ መልሶ ይግላል። አንድ ቀን እረፍልኝ፣ የቀን ገቢውን እኔ እሸፍናለሁ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ፣ "እማዬ፣ አንድ ቀን ከቀረሁ ለሌላ ሹፌር ይሰጡታል" ብሎ አንስቶኝ ግንባሬን ስሞ ወጣ።

ይህን የምጽፈው ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ነው፣ ሳፋው አጠገቤ ነው። እስከ ትናንት ድምፁ ሲጥ ነበር፣ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ግን ብረት ብረትን ሲፍቅ ነው የምሰማው። አሁን ደውሎ "ሞልቼ ከአሰላ ተነሳሁ፣ ራት አቆዪልኝ" አለኝ፣ ኧረ አሰላ ተመለስ ልጄ ስለው ከኋላው ተሳፋሪዎቹ ሲስቁ ሰማሁ።

ቁልቁለቱ ጋ ገና አልደረሰም።