የውሸት አጎት ሽምግልና

ሌዊ በዕድሜው ጠበቃም፣ ዲያቆንም፣ የጄኔራል ልጅም ሆኖ ያውቃል። ምላሱ ጤፍ ይቆላል፤ ሲያትል ውስጥ ያላታለለው ሐበሻ ካለ ገና ከአውሮፕላን ያልወረደ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ አንዴም ያልዋሸው ሰው አብሮት የሚኖረው ማዕረግ ብቻ ነበር። ማዕረግን ይወደዋል። ማዕረግም ይወደዋል፤ ካፒቶል ሂል ባለችው ጠባብ ክፍላቸው ውስጥ። ከበሩ ሲወጡ ግን አይተዋወቁም።

ይኸው ማዕረግ ነው እንግዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስካይዌይ ሰፈር ድረስ ነድቶ ሌዊን ለሽምግልና ያመጣው።

«እናቴ ቢታንያን አግባ ብላ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችኝ» አለ ማዕረግ፣ ከልጅቷ ቤት ራቅ ብሎ ፓርክ እያደረገ። «እዚህ አገር አጎት የለኝም። ሶ፣ ካንተ የተሻለ ማን ይናገርልኛል?»

«እኔው ልዳርህ?»

«ፕሊስ፣ ሌዊ።» ዓይኑን ከመሪው ላይ አላነሳም።

ሌዊ ተቃጠለ። ቢሆንም ፂሙ ላይ ዱቄት ነስንሶ ሃምሳ ዓመት ሞላው። ከዚያ ደጅ ላይ ይጠብቁት ከነበሩት ከማዕረግ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ከአቶ ፍስሐ ጋር በሩን አንኳኳ።

እንደ ወጉ ጉዳያቸው ሳይሰማ አልተቀመጡም። ሌዊ ቆሞ ተናገረ። ልጃችን ትሑት ነው፣ ጸሎት አያቋርጥም፣ ቤት ውስጥ የታመመ ካለ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያነጋል አለ። በሥራ ላይ እያለ እውነት ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ የሚወደውንም ሰው እያመሰገነ ለሌላ አሳልፎ እየሰጠ ነበር።

የቢታንያ አባት አቶ ዱሬሳ በጥሞና ሰሙት።

«እንጸልይበታለን» አሉ። «ግን በጌታ ፊት አንድ ነገር ይንገሩኝ። አጎቱ ነዎትና ያውቁታል። ልጄን ይወዳታል?»

ቢታንያ ውኃ የያዘ ትሪ ተሸክማ የማድ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። እሷም መልሱን እየጠበቀች ታየዋለች። አዎ ቢል ያበቃ ነበር። ሌዊ ግን እነዚያን ዓይኖች እያየ አዎ ማለት አቃተው።

«አይወዳትም» አለ። «እኔም አጎቱ አይደለሁም። ሽበቴም ዱቄት ነው።»

አቶ ፍስሐ «በኢየሱስ ስም» ብለው ግድግዳውን ተደገፉ።

«ታዲያ ምኑ ነህ?» አሉ አቶ ዱሬሳ፤ አንቱታው እዚያው ቀረ።

ሌዊ ዱቄቱን ከፂሙ አራገፈ። ቢታንያ ረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ትሪውን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ዳዲ፣ ይሂድ» አለች። «ኢትስ ኦኬ።»

ማዕረግ መኪናው ውስጥ ጥፍሩን እየበላ ነበር የጠበቀው።

«ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ? እንደማትወዳት ነገርኳቸው። አጎትህ እንዳልሆንኩም።»

«ስለ እኛስ?»

«ስለ እኛ ቃል አልወጣኝም።»

ማዕረግ መሪውን በጡጫ መታው። «ዕድሜህን ሙሉ ስትዋሽ ኖረህ፣ እውነት ለመናገር ዛሬን መረጥክ?»

«ደከመኝ፣ ማዕረግ። ከበር ስንወጣ የማታውቀኝ ሰው መሆን ደከመኝ። ብትጠላኝም ጥላኝ።»

የማዕረግ ስልክ ጠራ። እናቱ ናት፤ አቶ ፍስሐ ሳይደውሉላት አልቀሩም።

«ስጠኝ» አለ ሌዊ፣ ልማድ ሆኖበት። «አንድ ነገር ፈጥሬ አረጋጋታለሁ።»

ማዕረግ እጁን ገፋው። ስልኩን ሲያነሳ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«እማዬ፣ ሌላ ሽማግሌ አትፈልጊ» አለ። «እየመጣሁ ነው። በአፌ የምነግርሽ አለኝ።»

ሞተሩን አስነሳ። እናቱ እስከምትኖርበት እስከ ቡሪየን ድረስ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ሌዊን ግን ውረድ አላለውም።