ካሜራዬ የለየችው ፊት

እኔ የመንፈስ ወሬ ሲጀመር «በሉ ደህና ዋሉ» ብዬ የምነሳ ሰው ነኝ፣ ንፋስ መውጫ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመስክር፣ ጎረቤቴ «ሌሊቱን ጣሪያው ላይ አንድ ነገር ሲንኮሻኮሽ አደረ» ብትለኝ «ድመት ነው፣ ተኚ» የምል ደረቅ ነኝ። ፎቶ ቤት ነው ያለኝ፣ ሥራዬ የሚታየውን ማንሳት ነው፣ የማይታየው ምን አገባኝ! ግን በትርንጎ ሠርግ ያየሁትን በማን ላይ ላሳብበው?

በመጀመሪያ ስለ ካሜራዬ ትንሽ ልንገራችሁ፣ አትሰልቹ፣ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ትራኪንግ የሚሉት አለ፣ ሳጥን የመሰለች ምልክት የሰው ፊት ላይ ታርፍና ሰውየው ቢሄድ፣ ቢዞር፣ ቢጨፍር እየተከተለች ፎከሱን ትይዛለች። እኛ አገር ሠርግ ላይ ግን መከራ ነው፣ ሁሉ ነጭ ለብሶ ሲተራመስ ሙሽራዋን ያዝኩ ስል ሳጥኗ አንዷ ዘፋኝ አክስት ላይ ዘላ ትገኛለች፣ ስንቴ አሳርራኛለች መሰላችሁ! በኋላ ነው መላው የገባኝ። ካሜራዋ ፊት መመዝገብ ትችላለች፣ ከጭፈራው በፊት ሙሽራዋን ከፊት ለፊት አንስቶ «ይህችን እወቂ» ማለት ነው፣ ከዚያ ሰው መሀል ቢገባ እንኳ ቶሎ እንዳትዘል አድርጎ አስተካክሎ ቁልፉን በግማሽ ጫን አድርጎ መያዝ። የሌላው ሰው ሳጥን ነጭ ናት፣ የተመዘገበው ፊት ሲገኝ ግን ቢጫ ትሆንና ጢጥ ትላለች።

የትርንጎ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ በባጃጅ ሄጄ የቀረውን በእግሬ ደረስኩ። ትርንጎ ለእናቷ ለእትዬ ጥሩወርቅ አንድ ልጅ ናት፣ አባቷ ከሞቱ ቆይቷል፣ ሙሽራው ደግሞ ሲማዳ ውስጥ ወገዳ ከተማ የሚያስተምር መምህር ስለሆነ ይዟት ወደዚያው ሊሄድ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ከዚያ ቀን በኋላ ብቻቸውን ሊቀሩ ነው ማለት ነው። እንግዳ ያስተናግዳሉ፣ ይስቃሉ፣ ዓይናቸው ግን ከልጃቸው ላይ አይነሳም። አንጀቴን በሉት።

ጠዋት ትርንጎን መዘገብኳት። እሷ ልብሷን ልትቀይር ጓዳ ስትገባ እኔ ብርሃኑን ልሞክር ብዬ ካሜራዬን ወደ ባዶው ዳስ አዞርኩ፣ ጢጥ! ቢጫ ሳጥን፣ ለእናትየው ከተዘጋጀው ወንበር አጠገብ፣ አየር ላይ። ሌንሱን ጠረግሁት፣ ጠፋች። ባትሪው ነው ብዬ ተውኩት፣ ደረቅ ነኝ አላልኳችሁም?

ሙሽራው ከነሚዜዎቹ መጣ፣ ተበላ፣ ተጨፈረ፣ እመኑኝ ካሜራዋ እንደዚያ ቀን ሠርታልኝ አታውቅም፣ ትርንጎ እስክስታ ስትወርድ ስንቱ በፊቷ እየጋረደ ሲያልፍ ሳጥኗ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ ስንብት ሆነና ትርንጎ የእናቷን ጉልበት ልትስም ተንበረከከች፣ ፊቷ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ጠፋ። ፊት ከጠፋ ሳጥኗም መጥፋት አለባት፣ ወግ ነው። እሷ ግን ጢጥ አለች። ከእትዬ ጥሩወርቅ ግራ ትከሻ በላይ፣ የቆመ ሰው ፊት በሚሆንበት ከፍታ ላይ፣ ቢጫ ሆና አረፈች። ካሜራዬን ዝቅ አድርጌ በዓይኔ አየሁ፣ የዳሱ ሸራ ብቻ ነው። መልሼ አነሳሁ፣ አለች፣ ደግሞ ዝም ብላ አይደለም፣ የተንበረከከችውን ልጅ ጎንበስ ብላ እንደምታይ ሰው ቀስ እያለች ወደታች ወረደች።

«አንቺ፣ ሙሽራዋ በዚህ ናት እኮ!» አለኝ አንዱ ሚዜ፣ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ፣ እኔም ሳቅሁ። ያነሳሁትን ፎቶ ከፍቼ ባየው ሸራ ነው፣ ጥርት ያለ ሸራ።

ትርንጎን መኪና ውስጥ አስገብተው እየዘፈኑ ወሰዷት። እንግዳው ሊሸኝ ሲወጣ እትዬ ጥሩወርቅ ዳሱ ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ፣ እኔም እጄ አላርፍ አለና ካሜራዬን ወደ እሳቸው አነሳሁ። ጢጥ። ትርንጎ የወገዳ መንገድ ላይ ናት፣ ሳጥኗ እዚያው እናትየው አጠገብ።

«ልጄ፣ ምነው ከቅድም ጀምሮ ጎን ጎኔን ታያለሽ?» አሉኝ።

መዋሸት አቃተኝ። «እትዬ፣ አይቆጡኝና፣ ካሜራዬ ትርንጎ አጠገብዎ ቆማለች ትለኛለች።»

ሰው እንደሌለ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መንታ ነበሩ» አሉኝ። «አንዷ ክርስትና ሳትነሳ ሞተችብኝ፣ ስም እንኳ አልወጣላትም። ትርንጎም አታውቅ፣ አባቷ አይነገራት ብሎኝ።»

እኔ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። እሳቸው ግን ተነስተው ክንዴን ጨበጡኝ፣ «ቁመቷ እስከ የት ነው?»

እጄን አንስቼ ሳጥኗ ያለችበትን አሳየኋቸው። «ከትርንጎ እኩል ናት፣ እትዬ። ካሜራዋ የምታውቀው የዛሬዋን ትርንጎ ፊት ነው፣ የሕፃን ፊት አታውቅም።»

«አድጋለቻ!» አሉ። «በሞትኩት፣ አድጋለቻ!» አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው እየሳቁ አለቀሱ፣ እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፍርሃቱ ጠፍቶልኝ ደስ አለኝ፣ ሴትዮዋ ብቻቸውን ቀሩ ብዬ ስሳቀቅ የዋልኩት ሁሉ ቀለለኝ።

በኋላ ካሜራ የሚጠግን ሰው ጠይቄ «ሶፍትዌሩ ነው» ብሎኛል፣ ይሁንለት። እሱ ግን ያን ዕለት ስወጣ አብሮኝ አልነበረም። ዕቃዬን ሸክፌ፣ ተሰናብቻቸው አጥሩን እንዳለፍኩ እትዬ ጥሩወርቅ ከኋላዬ «ነይ ግቢ እንጂ፣ ነፋሱ በረታ» አሉ። ለእኔ መስሎኝ «አይ እትዬ፣ ይመሽብኛል» እያልኩ ዞርኩ። ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። በሩን ገፋ አድርገው፣ ሰው እስኪያልፍ የሚጠብቁ ያህል ይዘውት ቆዩ፣ ከዚያ ተከትለው ገቡና ዘጉት።