የቢጫዋ ፔጆ የኋላ በር

ድሬዳዋ በቀን መካከል ትተኛለች። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሱቆች መዝጊያቸውን ያወርዳሉ፣ ባጃጆች የኒም ዛፍ ጥላ እየፈለጉ ይደረደራሉ፣ በከዚራ ሰፈር ሰፊ ጎዳና ላይ ከቁራ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር ይጠፋል። ደምሰው ግን በዚያ ሰዓት ተኝቶ አያውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት በባቡር ጥገና ክፍል ብረት ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነውና፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም ምሳውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ከቤቱ ጎን ወዳለችው ጋራዥ ይገባና በሩን ገርበብ አድርጎ ይሠራል። ከውጭው ነጸብራቅ የገባ ዓይን መጀመሪያ ምንም አያይም፤ ቀስ በቀስ ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚስማር ቀዳዳዎች የሚወርዱት ቀጫጭን የብርሃን ክሮች፣ ቀጥሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ቁልፎች፣ ከዚያም ቢጫዋ ፔጆ 404 ከጨለማው ውስጥ ትወጣለች። ጋራዡ ቤንዚን፣ የጋለ ላስቲክና አሮጌ ቆዳ ይሸታል። ጣሪያው በሙቀቱ ሲለጠጥ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል።

ፔጆዋ ድሮ ቢጫ አልነበረችም። ደምሰው ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ሲገዛት ቀለሟ ወተት የመሰለ ነጭ ነበር። የተለወጠችው ሶስና ከተወለደች በኋላ ነው። የልጅቷ እግር አልቆም፣ አንደበቷ አልፈታ ሲል፣ አባቷ የኋላውን ወንበር አውጥቶ በምትኩ ከፍ ያለ፣ ቀበቶ ያለው፣ ዙሪያው በስፖንጅ የተሸፈነ ወንበር ሠራላት፤ መንገዱን እንድታይ ብሎ። ስድስት ዓመት ሲሞላት ደግሞ የቀለም ናሙናዎች በየተራ አሳያት። ሶስና የምትናገረው በእጇ ነበር። በጣቶቿ አንጓ አንዴ ካንኳኳች «አዎ»፣ ሁለቴ ካንኳኳች «አይደለም» ማለቷ ነው። ሰማያዊው ላይ ሁለቴ አንኳኳች፣ ቀዩም ላይ ሁለቴ። ቢጫው ላይ አንዴ አንኳኳችና እስክትደክም ሳቀች። ኋላ አንድ ቀን መኪናዋ እየሄደች ሶስና የጎኗን በር ስለከፈተች፣ ደምሰው ደንግጦ ከውስጥ በኩል የበሩን እጀታና የመስኮቱን ማዞሪያ ነቀለና በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጣቸው። ከዚያ ወዲህ የኋላው ቀኝ በር የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ሆነ።

ሶስና በአሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ባለፈው ግንቦት ሞተች።

አሥር ወር ሙሉ ፔጆዋን የነካት አልነበረም። ባለቤቱ የሺመቤት አዳማ ያለችው እህቷ ጋ ሄደን እንኑር ትል ጀመር፤ እዚህ ቤት አየሩ ራሱ ይከብደኛል እያለች። መጋቢት ላይ ሙክታር የሚባለው ደላላ ገዢ ይዞ መጣ፤ ኢዮሲያስ የሚባል፣ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ የአዲስ አበባ ሰው። ሰውየው መኪናዋን ሦስት ጊዜ ዞራት፣ ኮፈኗን አስከፍቶ፣ ሞተሯን አስነስቶ አጎንብሶ አዳመጠ፣ ከዚያ የኋላውን በር ከፍቶ የወንበሩን ስፖንጅ በጣቱ ጫን ጫን አደረገ።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ልብ ይሰርቃል» አለ በመጨረሻ። «ግን ይኼ ቀለም… ይኼ ወንበር… በጣም ተነካክታለች።»

«ለልጄ ነው የሠራሁት።»

«ይገባኛል። ግን እንዲህ ያለ ሥራ ዋጋው ለሠሪው ነው፤ ገዢ ለእሱ አይከፍልም። እንዳለች ከሆነ አራት መቶ ሺህ ብር። ቀለሙንም፣ ወንበሩንም፣ እጀታውንም ወደ ኦሪጅናሉ ከመለሱልኝ ዘጠኝ መቶ ሺህ።»

«አቦ ጋሽ ደምሰው፣ ምን ይታሰባል!» አለ ሙክታር። «ዕቃው ሁሉ እጅህ ላይ አይደል?»

የሺመቤት በመስኮት ሰምታ ነበር። ሰዎቹ ሲሄዱ ወጥታ እጇን መኪናዋ ላይ አደረገች።

«እንዳለች ሽጣት» አለችው። «የፋብሪካውን መኪና እኔ አላውቀውም። ይኼ ቢጫ የልጄ ቃል ነው። ከተናገረችው ሁሉ የቀረን እሱ ብቻ ነው። እሱን በብርጭቆ ወረቀት ልትፍቀው ነው?»

«ለአዳማው ቤት ይጠቅመናል፣ የሺ።»

«ለቤቱ አይደለም» አለችና ገባች።

ልክ ነበረች። የሺመቤት የምታውቀው ደምሰው የነገራትን ነው፤ ሶስና እቅፉ ውስጥ ሆና፣ እጇን ይዟት፣ ልቧ ደክሞ ቀስ ብላ እንዳለፈች። ልጅቷ ከልደቷ ጀምሮ ልቧ ደካማ ስለነበር የጠረጠረ ሰው አልነበረም። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። በዚያ የግንቦት ቀትር ደምሰው ሶስና ወንበሯ ላይ እንደታሰረች ፔጆዋን ፀሐይ ላይ አቁሞ፣ አቧራ እንዳይገባባት መስኮቶቹን ዘጋግቶ፣ ለአምስት ደቂቃ ብሎ ቀትር ላይ ወደማይዘጋ አንድ መለዋወጫ ሱቅ ገባ። እዚያ ያገኘው አንድ የማያውቀው ሰው መኪናዋን አሻግሮ አየና «ስንት ትሸጣታለህ?» አለው። ሊሸጥ አላሰበም፤ ስለ መኪናዋ መጠየቁ ብቻ ደስ አሰኘው። ወንበር ተሳበለት፣ ቀዝቃዛ ለስላሳ ተከፈተለት፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ ዋጋ ሲሰቅልና ሲያወርድ ተጫወተ። ከሳምንታት በኋላ በዚያ መንገድ ሎሚ የምትሸጥ ሴት ማንነቱን ሳታውቅ ነገረችው። ያን ቀን ከወዲያ በኩል የሆነ ነገር ሲንኳኳ፣ ሲንኳኳ ሰምታ ነበር፤ አናጢ መስሏት ነው።

እና ደምሰው ለዘጠኝ መቶ ሺህ ብሎ አልነበረም የተስማማው። ከውስጥ የሚከፈት በር ያላት መኪና ልጅ አትገድልም። መኪናዋ ወደ ድሮዋ ብትመለስ ያ ቀትርም አብሮ የሚመለስ፣ የሚፋቅ መሰለው።

መጀመሪያ የሶስናን ወንበር ፈታ። ሁለተኛውን ብሎን ሲያላላ ከመኪናዋ ውስጥ ሁለቴ ተንኳኳ፤ በጣም ቀጭን፣ ከሩቅ የመጣ የሚመስል ድምፅ። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ሦስተኛውን ሲያላላ እንደገና ሁለቴ። «ሙቀቱ ነው» አለ ጮክ ብሎ፣ ድምፁም በባዶው ጋራዥ ውስጥ የሌላ ሰው ሆኖ ተሰማው። ወንበሩን አውጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረና ጥግ አስቀመጠው። በማግስቱ ሲገባ ወንበሩ ፊቱን ወደ መኪናዋ አዙሮ ነበር። የሺመቤት ገብታ ይሆናል ብሎ አሰበ። ሊጠይቃት ግን አልደፈረም።

ቀለሙን መፋቅ ሲጀምር ድምፁ እየተደጋገመ መጣ። ብርጭቆ ወረቀቱ ሸር ሸር ሲል ሁለቴ፣ ሲቆም ዝም፣ ሲቀጥል ሁለቴ። ቢጫው ብናኝ በብርሃኑ ክሮች ውስጥ ይዋኛል፣ ቅንድቡ ላይ ይተኛል፣ ምራቁ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ጆሮው ውስጥ ጥጥ ከቶ ፋቀ። በአምስተኛው ቀን፣ እርጥብ ጨርቅ በደቂቃ በሚደርቅበት በዚያ ሙቀት፣ የኋላው ቀኝ መስኮት ከውስጥ በኩል በትንፋሽ እንደሚሆነው ጭጋግ ለብሶ አገኘው። በሩን ሲከፍተው እንደ ምድጃ የጋለ አየር ፊቱን መታው፤ አየሩ ውስጥ የሺመቤት ሶስናን ትቀባት የነበረው የፀጉር ቅባትና የልጅ ላብ ሽታ ነበረ። ውስጡ ባዶ ነው። መስተዋቱ ላይ፣ አንዲት ትንሽ እጅ የምትደርስበት ቦታ፣ ጭጋጉ በአራት የጣት አንጓዎች ስፋት ተጠርጓል። ደምሰው በሩን መልሶ ዘጋና ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ እስኪመሽ ድረስ አልተነሳም።

ቢጫው ጨርሶ ጠፍቶ ነጩ ቀለም ከተቀባ በኋላ ጋራዡ ሁለት ቀን ጸጥ አለ። በሦስተኛው ቀን የድሮውን የኋላ ወንበር ወደ ቦታው ሲመልስ፣ እንደ ልማዱ ለራሱ «ልኩ ነው?» ብሎ አጉተመተመ።

አንዴ ተንኳኳ። ይህኛው ቀጭን አልነበረም። ቅርብ ነበር፣ ጠንካራ ነበር።

ደምሰው ቁልፉን ከእጁ ጣለው። «ሶስዬ?»

አንዴ።

በተከፈተው በር አጠገብ ተንበረከከ። «አባባ ነኝ… ይቅር ብለሽኛል?»

አንዴ።

ከቀብሯ ወዲህ ያላለቀሰውን አለቀሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀትርን እንደ ፍቅረኛ ይጠብቅ ጀመር፤ ገብቶ ይጠይቃል፣ እሷም ትመልስለታለች፣ ሁልጊዜ አንዴ፣ ሁልጊዜ «አዎ»። ሶስና እጇን ለማንሳት ጊዜ ይፈጅባት ነበር፤ አሁን ግን መልሱ ጥያቄው ሳያልቅ ይደርሳል። ድምፁ የሚመጣውም እጇ ከሚደርስበት ከመስኮቱ ሳይሆን ከወንበሩ ሥር፣ ከወለሉ ነበር። ደምሰው ይህን ልብ ብሏል። ግን የተጠማ ሰው ውሃው ከየት ተቀዳ ብሎ አይጠይቅም።

«መውጣት ትፈልጊያ—» አላት አንድ ቀትር፤ አንዴ ተንኳኳ።

እጀታውን ከወተት ቆርቆሮው አወጣ። የመስኮቱ ማዞሪያ ተገጥሞ ነበር፤ ለሥራው ማለቂያ ሁለት ብሎን ብቻ ነበር የቀረው። ካቻቢቴውን ሲያዞር ያ የመጀመሪያው ቀጭን ድምፅ ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ ተመለሰ፤ ሁለቴ፣ ሁለቴ፣ ሁለቴ፣ እየተቻኮለ፣ እየደከመ። ደምሰው ሰምቶታል። «አሁን ያልቃል የኔ ዓለም፣ አሁን» እያለ አጠበቀው። በሩን ከውጭ ዘጋና ወደ ኋላ አፈግፍጎ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

ጣሪያው እንኳ መንቋቋቱን አቆመ። በመስተዋቱ በኩል እጀታው ቀስ ብሎ ሲዞር አየው። በሩ አንድ ስንዝር ያህል ተከፈተ። ማንም አልወረደም፤ የፀጉር ቅባቱ ሽታ ብቻ በፊቱ አለፈ። ቀጥሎ ከመኪናዋ እስከ ጋራዡ በር ድረስ የተዘረጉት የብርሃን ክሮች አንድ በአንድ እየጠፉ እንደገና መብራት ጀመሩ፣ የሆነ ነገር በመካከላቸው እንደሚያልፍ። የሚጠፉት ከጣሪያው ሥር ጀምረው ነበር፤ ለልጅ ቁመት እጅግ ከፍ ካለ ቦታ። ገርበብ ያለው በር ትንሽ ገፋ ብሎ ቆመ፣ ከውጭም የቤቱ በር ሲጢጥ ሲል ተሰማ። ደምሰው መሬት ላይ ተደፍቶ ፈጣሪውን አመሰገነ።

በማግስቱ ጠዋት ኢዮሲያስ መጥቶ ተዋዋሉ። መኪናዋን በእጁ ዳበሳት። «ጋሼ፣ ትናንት ከፋብሪካ የወጣች ነው የምትመስለው» አለና ራሱ እየነዳ ወጣ። ደምሰው አጥሩ በር ላይ ቆሞ ነጭነቷ በዛፎቹ ሥር እስኪጠፋ ተመለከተ። ደረቱ ቀልሎት ነበር። እሷ ወጥታለች፤ የሄደው ብረት ብቻ ነው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን እግሩ በልማድ ወደ ጋራዡ ወሰደው። ባዶ ነው። ወደ ቤት ሲመለስ ከሶስና ክፍል የየሺመቤትን ድምፅ ሰማ፤ ከግንቦት ወዲህ ያልሰማውን ሳቅ ጭምር። በሩን ገፋ አደረገው። መስኮቱ ተዘግቷል። የሺመቤት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ፊቷ በራ ብሏል።

«መጣችልኝ ደምሰው» አለችው በሹክሹክታ። «ከጠዋት ጀምሮ እያወራን ነው። ይኸው፣ አንተም ስማ።» ወደ ጨለማው ጥግ ዞረች። «የኔ ዓለም፣ ያን ቀን አባትሽ አጠገብሽ ነበር?»

ከአልጋው ሥር፣ ከወለሉ፣ አንዴ ተንኳኳ።

ደምሰው ሁለተኛውን ጠበቀ። አልመጣም።

«እጅሽን ይዞሽ ነ—»

አንዴ።

የሺመቤት እንባዋን ጠረገች። ደምሰው ግን ከበሩ መቃን ጋር ተጣበቀ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሶስና አንድ ጊዜ እንኳ ዋሽታ አታውቅም። እናቷ በእንግዳ ፊት «ሾርባዬ ይጣፍጣል?» ብላ ስትጠይቃት ሁለቴ አንኳኩታ ቤቱን በሳቅ የምትገድል ልጅ ነበረች። ያን ቀን እጇን የያዘ አልነበረም። ውሸት መሆኑን ደግሞ ከሱና ከሶስና በቀር የሚያውቅ የለም።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ሙክታር ነበር።

«አቦ ጋሽ ደምሰው፣ ሰውዬው አሁን ከሚኤሶ ደወለልኝ። መኪናዋን ወዷታል፣ እንደ አዲስ ነው የምትሄደው አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቅልኝ አለ፤ ከኋላ በቀኝ በኩል የሆነ ነገር ያንኳኳል፣ ቀጭን ድምፅ ነው፣ ሁለት ሁለቴ፤ አቁሞ በሩን ቢከፍተውም ድምፁ አልቆመም፤ ምን ልበለው?»