ጀፎረ ላይ የተከልኩት ብረት

እኔ ጂን፣ መንፈስ ሲባል ሳቅ የሚመጣብኝ ሰው ነኝ፣ ልጅ ሆኜ ደብረ ማርቆስ ጎረቤቶቻችን ወንዝ ዳር ታየ ስለሚሉት ነጭ ሰውዬ ሲያወሩ «ይምጣና ሻይ ይጠጣ» እያልኩ እናቴን የማናድድ፣ ስለዚህ ይህን እንደ ተረት እንዳትሰሙኝ።

አሁን የምኖረው ወልቂጤ ዳርቻ ተከራይቼ ነው፣ ሐሳቤም የእሳት አደጋ ሠራተኛ መሆን ነው። ባለፈው ፈተና ሩጫውን ከወንዶቹ እኩል ጨርሼ ፑል አፑ ላይ፣ ተንጠልጥሎ አገጭን ከብረቱ በላይ መሳቡ ላይ፣ ወደቅኩ፣ ብረቱን ይዤ እንደታጠበ ልብስ ተንጠልጥዬ ቀረሁ፣ ፈታኙም «ለሴት ይከብዳል እህቴ» አለኝ። ያቺ «ለሴት» አንጀቴን አሳረረችው። ከዘንድሮ በኋላ ደግሞ ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም፣ የቀረኝ አንድ ዕድል ነው።

ስለዚህ ክንዴንና ጀርባዬን ላጠነክር ሁለት የባህር ዛፍ ቋሚ ከግቢያችን ፊት ለፊት ተክዬ የውሃ ቧንቧ አጋደምኩባቸው። ተራ ሜዳ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ጀፎረ ነው፣ ጉራጌ ከቤቶቹ ፊት ሣሩን ጠብቆ የሚያኖረው ሰፊ የጋራ መንገድ። አከራዬ ሀጂ ነስሩ ሳይቆጡ፣ «ልጄ፣ ጀፎረ ሰርጉም ጀናዛውም የሚያልፍበት፣ ሬሳ የሚሸኝበት ነው፣ ምንም አይተከልበትም፣ ንቀይው» አሉኝ። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ፣ ጎህ ሲቀድ ማን ያልፋል ብዬ ተከራከርኩ፣ ከፈተናው በኋላ እነቅለዋለሁ አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ጉም ነበር። ስስብ እንደ ሁልጊዜው ግንባሬ ብረቱ ጋ ሲደርስ ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ያኔ ከመንደሩ በኩል ኮቴ ሰማሁ፣ የብዙ ሰው ኮቴ፣ እርጥብ ሣር ላይ የሚራመድ፣ ወሬ የለ፣ ሳል የለ። ዞር ብል ከጉም በቀር ምንም የለም፣ ኮቴው ግን ቀረበና ቋሚዎቹ ጋ ሲደርስ ቆመ። ልውረድ ስል፣ እመኑኝ፣ እግሬ መሬት አላገኘም፣ ትከሻ አገኘ። በግራም በቀኝም፣ ሙቀቱ በሸራ ጫማዬ የሚሰማ የሰው ትከሻ፣ ቃሬዛ እንደሚነሳ ቀስ ብሎ አነሳኝ፣ አገጬም ከብረቱ በላይ ወጣ።

ፈራሁ፣ አልዋሽም፣ ንዴቴ ግን በለጠ። ስንት ጠዋት የለፋሁበትን ማን ይሠራልኛል?

«ልቀቁኝ፣ በክንዴ ነው የምወጣው» ብዬ በእግሬ ገፋሁት፣ መሬት ላይ ተዘረርኩ፣ ኮቴው ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኜ አለፈ። ጉሙ ሲገፈፍ ሣሩ ላይ ያለውን ጤዛ ከእኔ በቀር የረገጠው አልነበረም።

የዚያኑ ዕለት ቋሚዎቹን ነቅዬ ግቢ ውስጥ ተከልኳቸው፣ ፈርቼ አይደለም፣ መንገዱ የእነሱ ነው፣ ክንዱ ግን የእኔ። ለሀጂ ነስሩ ስነግራቸው አልሳቁም፣ አልደነገጡምም።

«ጀፎረ ላይ የከበደው ሰው ከታየ ሳያግዙ አይታለፍም» አሉና ወደ ሶላታቸው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ስስብ ጉልበቴን አጥፌ እግሬን ወደ ኋላ እሰበስባለሁ፣ ከስር ማንም እንዳያገኘኝ። ትላንት እንዲያ ስስብ አገጬ ከብረቱ በላይ ወጣ፣ በራሴ ክንድ፣ እልል ልል አፌን ስከፍት ግን የታጠፈ ጉልበቴን ከስር እንደዚያ ጠዋቱ ትከሻ ያለ ነገር አሞቀው። ያሙቀው፣ ሰኞ ፈተና አለብኝ፣ እሄዳለሁ።