አፉ የተወተፈ ቀፎ

የትምህርት ቤቱ ንቦች አልቀዋል። ትናንት ወላጆች የንብ ማነብ ክበቡን ሲጎበኙ ንቦቹ አንዱን እንዳይነድፉ ተብሎ የቀፎው አፍ በጨርቅ ተወተፈ፤ ከዚያ የከፈተው የለም። በፀሐይ ታፍነው ሞቱ።

የወተፈችው ከክበቡ ልጆች አንዷ፣ ቀጮ የሚሏት ናት። «ወትፊው» ያለቻት ደግሞ የክበቡ መሪ፣ ክፍሉ ሁሉ «አለቃ» የሚላት ልጅ። እንግዶቹ ሲሄዱ ቀጮ «አሁን ልክፈተው?» ብላ ጠይቃት ነበር። አለቃ ፎቶ እየተነሳች ስለነበር «ቆይ፣ እነግርሻለሁ» አለቻት። አልነገረቻትም።

አሁን የባዮሎጂ መምህሩ አንድ እፍኝ የሞተ ንብ ጋዜጣ ላይ ዘርግቶ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል። ክበቡ የሚሰጠውን የአመራር ስልጠና በንብ ቀፎ ምሳሌ ማስተማር የእሱ ሐሳብ ነበር።

«ንግሥቲቱ ማንንም አታዝም ብያችሁ ነበር» አለ። «እያንዳንዷ ንብ አካባቢዋን አይታ ነው የምትሠራው። ቀጮ ግን አላየችም። አሁን ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ተጠርታለች፤ ከክበቡም ትወጣለች።»

«ዝንብ እሽ የማትል ልጅ ንብ ትፍጅ!» አለ ከኋላ አንዱ። ልጆቹ ሳቁ።

አለቃ አልሳቀችም። አላለቀሰችም። ልታለቅስ ሞክራ ነበር፤ ጥርስ ሊነቀል በመርፌ እንደደነዘዘ ድድ፣ ውስጧ ቢነካም አይሰማትም። ንቦቹን አየቻቸው። ክንፎቻቸው እርስ በርስ ተጣብቀዋል።

«ነገ ሌላ ትምህርት ቤት ሊጎበኘን ይመጣል» አለ መምህሩ ወደ እሷ ዞሮ። «ገለጻውን አንቺ ታቀርቢያለሽ።»

«ቲቸር፣ ወትፊው ያልኳት እኔ ነኝ። ልክፈተው ስትለኝም ቆይ ያልኳት እኔ ነኝ።»

መምህሩ ጋዜጣውን ቀስ ብሎ አጠፈ።

«እሺ። ቁጭ በይ። ነገ ይለፍና እናወራለን።»

«ቀጮስ?»

«አንድ ቀን ብትቆይ ምን ትሆናለች? እንግዶቹ ፊት መሪ አልባ ልታስቀሪን ነው እንዴ?»

አለቃ ድፍረት ቢጤ እስኪመጣላት ጠበቀች። አልመጣም። ቢሆንም ተነሳች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ርዕሰ መምህሯ ጋ።»

«ቁጭ በይ አልኩሽ!»

ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።