ከክንፉ የሸሸው ነፋስ

ቬንትሌተሩ እያጓራ ነው። ሚጡ የቮልት ሜትሩን ወደ ጓደኛዋ አዞረችው።

«እንደገና?» አለች ፕሮፍ።

«እንደገና። ጠማማው ክንፍ አሁንም ከዝርጉ ያነሰ ቮልት ይሰጣል።»

የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ጥግ ላይ የተጋደመው፣ ክንፎች በነፋስ የሚሞከሩበት የካርቶን ዋሻ የሁለቱ የእጅ ሥራ ነው። ነፋሱ ሳይዟዟር ቀጥ ብሎ እንዲገባ አፉ ላይ የመጠጫ ስትሮ ጎን ለጎን ደርድረዋል፤ ውስጡ ደግሞ ከሳህን የማይበልጥ የነፋስ ተርባይን አቁመዋል። ቬንትሌተሩን የተዋሱት ከጸሐፊዋ ቢሮ ነው። ሴትየዋ በየእረፍቱ ብቅ እያለች፣ «እናንተ ስትመራመሩ እኔ ቀልጬ ማለቄ ነው» ትላቸዋለች።

ሥራውን ተካፍለውታል። ጓደኛዋን የክፍሉ ልጆች ፕሮፍ ያሏት በሒሳብ ጉብዝናዋ ነው፤ እሷ ነፋሱ ክንፉን እንዴት እንደሚያልፍ በኮምፒውተር ታሰላለች። ሚጡ ክንፎቹን ከቀላል እንጨት ትቀርጻለች፣ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለች፣ ትለካለች። በስሌቱ መሠረት ከሥሩ እስከ ጫፉ የተጠመዘዘው ክንፍ ዝርጉን ሊያስከነዳው ይገባ ነበር። ልኬቱ ግን እሺ አላለም።

ነገ የሳይንስ ትርኢት አለ። ያሸነፈ ቡድን የክረምት እረፍቱን በዩኒቨርሲቲ፣ ሰው በሚቆምበት እውነተኛ የነፋስ ዋሻ ውስጥ እየሠራ ያሳልፋል። ሚጡ ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ ስለሌላት እናቷ፣ «ይሄን ዋሻ ልታገቢው ነው እንዴ?» እስከማለት ደርሳለች።

ፕሮፍ ከቦርሳዋ የተጠቀለለ ፖስተር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ሁለት መስመሮች ተያይዘው ሽቅብ ይወጣሉ። አንዱ «ስሌት»፣ ሌላው «ልኬት» ይላል።

ሚጡ ጎንበስ ብላ አየችው። «ይሄ ልኬት ከየት መጣ?»

«ታትሞ ያለቀ ነገር ነው። አታካብጂ።»

«የለካሁት እኮ እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ቁጥር አላየሁም።»

«ኮምፒውተሩ አይሳሳትም። ጥፋቱ የካርቶኑ ነው። ጥሩ ዋሻ ቢኖረን የሚመጣውን ቁጥር ነው ያስቀመጥኩት።»

«አትፎግሪኝ። ይሄ ፎርጅድ ነው።»

የፕሮፍ ፊት ቀላ። «ዓይኔ እስኪጠፋ ስሌት ላይ ነው የከረምኩት። ነገ ያ ሁሉ ሰው ፊት ‹አልሠራም› ልበል? ፕሮፍ የሚሉኝ በሙሉ መሳቂያ ያደርጉኛል። አንቺ ምን አለብሽ?» ብላ ወደ ግቢው ወጣች።

ሚጡ ፖስተሩ ላይ አፈጠጠች። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ይህን ማሰቧ ራሱ አናደዳት። እጇን ሥራ ለማስያዝ ጠማማውን ክንፍ ነቀለችና ፕሮፍ ባሰላችው አንግል ዋሻው ውስጥ በሽቦ አቆመችው። ከሹራቧ ጫፍ ክር መዛ ቆራረጠች፤ ቁራጮቹንም በኮላ ጠብታ ክንፉ ጀርባ ላይ ለጠፈቻቸው። ከዚያ ቬንትሌተሩን ከፈተች።

በክንፉ ፊተኛ ጠርዝ ላይ ያሉት ክሮች ተኙ። ከመሃል ወዲያ ያሉት ግን ተነስተው ወዲያና ወዲህ ይቅበዘበዙ ጀመር።

ሮጣ ወጣች። ፕሮፍ ደረጃው ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች።

«ኩርፊያሽን ያዥና ነይ። የማሳይሽ ነገር አለ።»

ፕሮፍ ዋሻው ፊት ተንበረከከች። ክሮቹን አየች፣ እንደገናም አየች።

«ነፋሱ ከመሃል ወዲያ ክንፉን ለቆታል፤ ለዚያ ነው ኃይሉ ያነሰው» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ደግሞ ስሌቱን ለማቅለል ብዬ ነፋሱ ክንፉን በፍጹም እንደማይለቅ አድርጌ ነው የጀመርኩት።»

«እንግዲያው ኮምፒውተሩ የጠየቅሽውን ነው የመለሰልሽ።»

«አዲስ ክንፍ የምንቀርጽበት ጊዜ የለም። ያልሠራ ነገር ይዘን ብንሄድ ማን ይሸልመናል?»

«ማንም ላይሸልመን ይችላል» አለች ሚጡ።

የፊዚክስ መምህሩ ክፍሉን ሊቆልፉ ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ ገቡ። ፖስተሩን ከሩቅ አዩት። «ጎበዞች፣ አለቀላችሁ ማለት ነው?»

ፕሮፍ ወለሉን ታያለች። ሚጡ ጓደኛዋን አየቻት፣ ከዚያ መምህሩን።

«አላለቀም፣ ቲቸር። የልኬቱ መስመር ትክክል አይደለም። ልናስተካክለው ነው።»

«ምን ሆኖ ነው?»

ፕሮፍ ቀና አለች። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «ጠማማው ክንፍ ከዝርጉ ያንሳል። ግን ለምን እንደሆነ አሁን አውቀናል።»

መምህሩ ወደ ዋሻው ጎንበስ ብለው ክሮቹን ደጋግመው አዩ። ከዚያ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩላቸው። «ስትጨርሱ ቆልፉና ቢሮ አምጡልኝ» ብለው ወጡ።

ፕሮፍ ፖስተሩን ገልብጣ ነጩን ጀርባ ወደ ላይ አደረገችው። «ነገ ይሄን ማን ያስረዳል?»

«አንቺ ጀምሪ» አለች ሚጡ፤ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። «ከተንተባተብሽ እኔ እቀጥላለሁ።»