ከጋዙ ክፍል የጠራኝ ድምፅ

ጅን አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ያውም በሆዴ ሳይሆን ፊት ለፊት፣ ሠፈራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ «ደሳለኝ እንዳይሰማችሁ» ይባባላሉ። ሥራዬም ለዚህ አይመችም፣ አሶሳ ውስጥ የእሳት ማጥፊያ ዕቃ እጠግናለሁ፣ እሞላለሁ፣ ግፊት በጌጅ ይታያል፣ ክብደት በሚዛን ይታያል፣ ከዚህ ውጭ ያለውን ነገር ለተረት የምተው ሰው ነበርኩ። አሁን የማጫውትህን ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው ኖሮ አላምነውም፣ ስለዚህ ባታምነኝ አልቀየምህም። ሳወራው ዓይን ዓይንህን ባላይ ግን አትፍረድብኝ፣ አፍሬ ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት አለ፣ ስሙ ይቅር፣ በውስጡ የሰርቨር ክፍል አለው። ኮምፒውተር ውሃም ዱቄትም ስለማይወድ እዚያ እሳት ቢነሳ የሚያጠፋው ጋዝ ነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከግድግዳው ጀርባ ትልልቅ ሲሊንደሮች በሰንሰለት ታስረው ቆመዋል፣ ጋዙ ከእነሱ ተነስቶ በቧንቧ ወደ ክፍሉ ይገባል። ክፍሉ ሲሞላ አየሩን ገፍቶ ያስወጣና እሳቱ የሚተነፍሰው ያጣል። ታዲያ እሳት የሚፈልገውን አየር ሰውም ይፈልገዋል፣ ጋዙ ራሱም ሲበዛ ሰው ይጥላል፣ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ከአየር ስለሚከብድ እንደ ውሃ ወለል ላይ ይተኛል፣ ጎንበስ ያለ ሰው ሳይነሳ ይቀራል። የወደቀውን ላውጣ ብሎ የሚገባው ደግሞ እላዩ ላይ ይወድቃል። ስልጠና ላይ ደጋግመው የነገሩን ይህንን ነው፣ ጋዝ የተለቀቀበት ክፍል ያለ መተንፈሻ መሣሪያ አትግባ፣ አየሩ እስኪቀየር ጠብቅ፣ እኔም ይህንን ለሌላ ሰው ሳስተምር ደረቴን ነፍቼ ነበር።

የዚያ መሥሪያ ቤት የጄኔሬተር ሠራተኛ ሐሚድ ይባላል፣ የሆሞሻ ሰው ነው፣ ብሔሩ በርታ፣ እኔ ደግሞ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ሰዎች ልጅ ነኝ። እኩያሞች ነን፣ በሥራ ተዋውቀን ቤተሰብ ሆነናል፣ ማንጎ ሲደርስ በማዳበሪያ ሞልቶ ይልክልኛል፣ ልጄ ስትታመም ሆስፒታል በር ላይ ከእኔ ጋር ያደረው እሱ ነው፣ ወንድም የለኝም ብዬ አላውቅም በእሱ ምክንያት።

የአሶሳን ሙቀት ታውቀዋለህ አይደል፣ ረመዳን በዚያ ሙቀት ሲገባ ጿሚ ከቀትር በኋላ መግቢያ ያጣል። ሐሚድ ግን መግቢያ ነበረው። የሰርቨር ክፍሉ ቀን ከሌት በኤሲ የሚቀዘቅዝ ስለሆነ፣ ሸበጡን በር ላይ አውልቆ ከማሽኖቹ ጀርባ ሰሌኑን ዘርግቶ ይተኛል። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ዝም ይላል፣ የሚጾም ሰው ምን ተብሎ ይቀሰቀሳል። የማስጠንቀቂያው ሳይረን ሳይቀር መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር በከንቱ እየጮኸ ስላስቸገረ ጨርቅ ወትፈውበታል። እኔ ስለ መተኛቱም ስለ ጨርቁም ተቆጥቻለሁ፣ ስቀውብኛል፣ እኔም አብሬ ስቄ ትቼዋለሁ።

በዚያ ረመዳን አንድ ቀን ሲስተሙን ስፈትሽ ውዬ ወደ ማታ ገደማ ጨረስኩ። ሥራ ላይ እያለሁ ጋዙ እንዳይለቀቅ የሚይዝ ፒን አለ፣ ያ ፒን ከመነቀሉ በፊት ክፍሉ ውስጥ ተገብቶ፣ ከማሽኖቹ ጀርባ ሳይቀር ሰው አለመኖሩ በዓይን ይታያል። እኔ ምን አደረግሁ መሰለህ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ አንገቴን አስገባሁና «ማን አለ?» አልኩ፣ መልስ የለም፣ ዘጋሁት፣ ሄጄ ፒኑን ነቀልኩ። ደክሞኝ ነበር፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

መብራት ጠፋ። መጥፋቱ ብርቅ አይደለም፣ ጄኔሬተሩ ሲነሳ እንሰማለን ብለን ቆምን፣ አልተነሳም። ኮሪደሩን የምትወለውለው አለሚቱ፣ እሷም የሰፋሪ ልጅ ናት፣ ሐሚድ ዛሬ እንቅልፍ ጥሎታል መሰለኝ አለችና ሰርቨር ክፍሉ በር ላይ የነበረውን ሸበጥ በመወልወያዋ እጀታ ገፋ አድርጋ ወደ ግድግዳው አስጠጋችው። ሸበጡን አየሁት። ሰማያዊ ነው፣ ማሰሪያው ተበጥሶ በመዳብ ሽቦ የተጠገነ፣ ሽቦውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ እመነኝ፣ ከሺህ ሸበጥ መሃል እለየዋለሁ።

ሐሚድ ውስጥ ነው። ፒኑን መልሼ ልሰካው እግሬን ሳነሳ መብራቱ መጣ፣ ሲመጣም በኃይል ነው የመጣው፣ ከግድግዳው ጀርባ የሆነ ነገር ጧ አለ፣ ሳይረኑ በጨርቁ ውስጥ አቃሰተ፣ ጋዙ ገልባጭ መኪና ጠጠር ሲያራግፍ እንደሚሰማው እያስገመገመ ወደ ክፍሉ ገባ። በሩ ላይ ስደርስ እጀታው ቀዝቅዞ ነበር። ከዚያ ጸጥ አለ።

ከዚያ ተንኳኳ። በሩ ግርጌ ላይ ነው የሚንኳኳው፣ ጉልበት የለውም፣ ዱብ ዱብ ይላል።

«ደሳለኝ» አለ ከውስጥ። «ደሳለኝ፣ እኔ ነው። በሩ ክፈት።»

የሐሚድ ድምፅ ነው። ይመስላል አላልኩህም፣ ነው አልኩህ፣ አማርኛ የአፍ መፍቻው ስላልሆነ ጠዋት ስልክ ሲደውልልኝም የሚለኝ «እኔ ነው» ነው። በሩ ከውስጥም ይከፈታል፣ ነገር ግን ጋዝ የያዘው ሰው እጀታ የት እንዳለ ይጠፋዋል፣ ይህንንም አስተምራለሁ። «ሐሚድ፣ ቻለው፣ ትንሽ ቻለው፣ አየር እያመጣን ነው» አልኩት። ምንም የምናመጣው አየር አልነበረም። መተንፈሻ መሣሪያዬ ሱቄ ነው ያለው፣ ያውም ባዶ።

አለሚቱ መወልወያዋን ጥላ መጣችና «ክፈትለት እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ብላ እጀታውን ያዘች። ገፈተርኳት። ጀርባዬን በሩ ላይ ለጥፌ፣ ከከፈትን ሁላችንም እናልቃለን፣ ሕጉ ነው፣ እያልኩ ጮህኩባት። እውነቱን ንገረኝ ካልከኝ፣ የኮሪደሩ ጫፍ ወደ ግቢ ክፍት ነው፣ እሷን ወደዚያ አርቄ፣ ትንፋሼን ይዤ በሩን ብበረግደው፣ እጁን ይዤ ብጎትተው ይቻል ነበር። ላይቻልም ይችል ነበር። አስቤዋለሁ፣ ያን ጊዜ እዚያው ቆሜ አስቤዋለሁ፣ ልጄም ትዝ አለችኝ፣ እጄ አልታዘዘኝም። ሕጉን የያዝኩት ልክ ስለሆነ አልነበረም፣ ስለፈራሁ ነው፣ ልክ መሆኑ ደግ አጋጣሚ ሆነልኝ እንጂ።

ድምፁ እየቀነሰ ሄደ፣ ከበሩ ሥር፣ ከወለሉ ነው አሁን የሚመጣው። ቁጣ የለበትም፣ ይህ ነው የባሰብኝ፣ ውሃ አቀብለኝ እንደሚል ሰው ነው። «ደሳለኝ፣ እኔ ነው» ይላል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይላል። እኔም ስሙን እየጠራሁ ቻለው፣ ቻለው እላለሁ፣ ጀርባዬን ግን ከበሩ አላነሳሁም። በመጨረሻ «ማሌሽ» አለኝ። እዚህ አገር ማሌሽ ምን እንደሆነ ታውቃለህ፣ ግድ የለም፣ ይቅር ማለት ነው። «ማሌሽ፣ ደሳለኝ።»

ይህን ጊዜ ሐሚድ ከግቢው በኩል ጀሪካን ተሸክሞ ገባ።

ናፍጣ አልቆ ሊያመጣ ሄዶ ኖሯል፣ ይህንኑ እያስረዳ፣ እያለከለከ ነው የመጣው፣ እኛን ሲያይ ባለበት ቆመ። ከበሩ ሥር ድምፁ አንዴ ደገመ፣ «እኔ ነው»። ሐሚድ ጀሪካኑን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። «ያ እኔ ነው» አለ፣ በሹክሹክታ። ዓይኑ ግን በሩ ላይ አልነበረም፣ በሩ ላይ በተለጠፈው ጀርባዬ ላይ ነበር። እኔ አንገቴን ደፋሁ፣ አንገቴን ስደፋ እግሩን አየሁ፣ ሰማያዊው ሸበጥ ከነመዳብ ሽቦው እግሩ ላይ ነው። ዘወር ብዬ ግድግዳውን ሳይ አለሚቱ ከእኔ ቀድማ እያየችው ነበር፣ የመወልወያው ርጥበት ብቻ ነው ያለው፣ ሸበጥ የሚባል የለም። ከዚያ በኋላ ድምፁም አልተሰማም።

በሩን ከፍተን ከኮሪደሩ ርቀን ቆየን፣ ማራገቢያ አስገብተን አየሩን አስወጣን፣ የጋዝ መለኪያዬን ከበሩ ላይ ሆኜ ወለሉ ድረስ ዝቅ አድርጌ ለካሁ፣ ደህና መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ ከሁሉም ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። ቀድሜ! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰው የለም። ከማሽኖቹ ጀርባ ሰሌኑ ተዘርግቶ ነበር፣ ሐሚድ ግን ወላሂ ዛሬ እዚህ አልተኛሁም፣ ሰሌኑን ጠቅልዬ ያቆምኩት ትናንት ነው ይላል። እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኩትም፣ ምን አፍ አለኝና።

አዛን ተባለ። ሐሚድ ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ተቀምጦ ተምሩን አወጣ፣ እሱ ሳይቀምስ አንድ ለእኔ ዘረጋልኝ፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው። አለሚቱም አጠገባችን ነበረች።

«ደሳለኝ፣ ያ ድምፅ ሲጠራህ እኔ መስሎሃል?»

«ኧረ አይደለም» አልኩ፣ «አንተ እንዳልሆንክ አውቄያለሁ፣ የቧንቧ ድምፅ ነው ብዬ ነው።»

ተምሩን አኝኮ ዋጠ። «ታዲያ ስሜ ለምን ጠራህ? ከግቢው ሰማሁ፣ ሐሚድ ቻለው፣ ሐሚድ ቻለው ትላለህ።»

አለሚቱ ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። እኔ የሰጠኝን ተምር በእጄ ይዤ ቀረሁ፣ መዋጥም መመለስም አቃተኝ። እሱ ውሃውን ጠጥቶ ሊሰግድ ተነሳ።

በማግስቱ ኃላፊው ሠራተኛውን ሰብስቦ አመሰገነኝ። ደሳለኝ ሕጉን አክብሮ በሩን ባይዝ ኖሮ ዛሬ አለሚቱን ቀብረን ነበር አለ፣ ተጨበጨበ፣ ሐሚድም አጨበጨበ። የኮምፒውተር ባለሙያው ቧንቧው ሲቀዘቅዝ የሚያወጣው ድምፅ ነው አለ፣ የሐሚድ እናት ደግሞ ከሆሞሻ መጥታ ሼኽ ጠርታ ቁርኣን አስቀራችለት፣ የእኛ ሰፈር ሰዎች ጸበል ሂድ አሉኝ። ቧንቧ ነው ማለት ከሁሉም ለእኔ ነበር የሚሻለኝ። ቧንቧ ግን ማሌሽ አይልም።

ከሐሚድ ጋር የተጣላን እንዳይመስልህ። ማንጎውን ልኮልኛል፣ ልጄን ሲያገኛት ይስማታል፣ ሰሌኑን ግን ከዚያ ክፍል አውጥቷል፣ ጨርቁንም ከሳይረኑ ላይ የነቀለው እሱ ነው። ሲሊንደሮቹ ተሞልተው ሲመለሱም አዲስ ደንብ አወጣሁ፣ እኔ ክፍሉ ውስጥ ስሠራ አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ እኔን ሳያይ ከዚያ አይነቃነቅም። ማን ይቁም ሲባል ሐሚድ እኔ ልቁም አለ።

ያለፈው ሰሞን ነው። ፒኑን ራሴ አስገብቼ ገባሁ፣ ጣሪያው ላይ ያለውን የጭስ ጠቋሚ ቀየርኩ፣ ጨረስኩና መሰላሉን በሁለት እጄ አቅፌ ወደ በሩ መጣሁ። በሩ በራሱ የሚዘጋ ነው፣ እጄ ስለተያዘ በጫማዬ ግርጌውን መታ መታ አደረግኩ።

«ሐሚድ፣ እኔ ነኝ፣ ክፈትልኝ።»

አልተከፈተም። እዚያ እንዳለ አውቃለሁ፣ ሲተነፍስ ይሰማኛል፣ በበሩ ሥርም የእግሩ ጥላ ይታየኛል።

«ሐሚድ?»

«አንተ ነው?» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

መሰላሉን አስደግፌ እጀታውን ያዝኩት፣ ላዞረው ስል አልዞር አለኝ፣ ከወዲያ በኩል ተይዟል። ጋዝ የለም፣ አየሩ ደህና ነው፣ ታግዬ ላዞረው እችል ነበር፣ ጮኼ ልለምነው እችል ነበር። ግን ምን ብዬ፣ በምን አፌ፣ ክፈትልኝ ማለት አፈርኩ፣ እጄን ከእጀታው ላይ አነሳሁና እሱ በፈቀደው ሰዓት እስኪለቀው ድረስ እዚያው ቆምኩ።